የላም ዘርና የወተት ይዘት
ለሊሙ ገነትና ለአካባቢው የኮርማ ዘር አመራረጥ

1. መግቢያ

በሊሙ ገነትና በዙሪያው ባሉት ቡና አብቃይ ቀበሌዎች የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። በቀሩት ወራት ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ከሚገዛባቸው ገቢዎች አንዱ የቅቤ ገንዘብ ነው። ቅቤ ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለክብርም ይፈለጋል፤ እንግዳ ሲመጣና ምርቃት ሲኖር የሚቀርበው «ቡና ቀላ» ያለ ቅቤ አይሠራም። ስለሆነም በዚህ አገር ስለ ወተት ላም ሲነሳ ሊትሩ ብቻ ሳይሆን ከሊትሩ የሚወጣው ቅቤም አብሮ ይነሳል።

የልማት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ቅሬታ ይህንኑ የሚመለከት ነው። አንዲት እናት ዲቃላ ጊደር አሳድገው፣ አስወልደውና አልበው፣ «ወተቷ ብዙ ነው፤ ግን ውሃ ነው። የአገሯ ላም በጥቂቱ ወተት የምትሰጠውን ያህል ከእንስራው አይወጣም» ይላሉ። አንዳንዱ ባለሙያ ቅሬታውን እንደ ድሮ አመለካከት ቆጥሮ ያልፈዋል። እኛ ግን ቅሬታው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ የስሌት ስህተት መሆኑን እንገልጻለን። እውነቱ፣ ወተት የሚበዛበት የዘር ባሕርይና ቅባት የሚበዛበት የዘር ባሕርይ አንድ አለመሆናቸው ነው። ስህተቱ ደግሞ ቅጥነትንና ጠቅላላውን የቅቤ መጠን ማምታታት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወተት ይዘት ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት አስረድቶ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የልማት ሠራተኞች የኮርማ አባላዘር በሚመርጡበት ጊዜ ሊጠይቁ የሚገባቸውን ጥያቄ ማመልከት ነው።

2. በወተት ውስጥ ምን አለ?

ከአንድ መቶ እጅ የላም ወተት ውስጥ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው 13 እጅ ገደማ ጥሬ ነገር ሲሆን፣ ይኸውም ቅባት፣ ፕሮቲን፣ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳርና ማዕድናት ናቸው። ላክቶስ 4.8 በመቶ፣ ማዕድናት ደግሞ 0.7 በመቶ አካባቢ ሆነው ከላም ላም ብዙም አይለያዩም። ከፍተኛ ልዩነት የሚታየው በቅባቱ ላይ ነው፤ ፕሮቲኑ ከዚያ ባነሰ መጠን ይለያያል።

የልዩ ልዩ ዘሮች የቅባት መጠን በአማካይ የሚከተለውን ይመስላል።

— ሆልስታይን ፍሪዥያን፦ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ
— ጀርሲ፦ 5 በመቶ አካባቢ
— የአገራችን ዘቡ ከብት፦ ከ5 እስከ 6 በመቶ

የአገር ላም ወተት ወፍራም መሆኑ ከዚህ ግልጽ ነው። ነገር ግን የምትሰጠው ወተት በቀን 2 ሊትር ገደማ ነው፤ ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላም ትነጥፋለች።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የቅቤ ቢጫነት የቅባት መጠን መለኪያ አይደለም። ቢጫው ቀለም የሚመጣው ከለምለም ሳር ሲሆን፣ ጀርሲን የመሳሰሉ ዘሮች ከሌሎቹ ይበልጥ ወደ ወተታቸው ያሳልፉታል። ነጭ ቅቤ የሰጠች ላም ቅባቷ አነስተኛ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

3. የቱ ከዘር፣ የቱ ከአያያዝ?

የሁለት ላሞች ወተት ሲለያይ ልዩነቱ ከዘር ብቻ የመጣ ነው ማለት አይደለም። በአንድ ዘር ላሞች መካከል ከሚታየው የወተት ብዛት ልዩነት ውስጥ ከዘር የሚመጣው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ነው። የቀረው የመኖ፣ የጤናና የአያያዝ ውጤት ነው። በቅባትና በፕሮቲን መቶኛ በኩል ግን ግማሽ ያህሉ ልዩነት ከዘር የሚመጣ መሆኑ በብዙ አገሮች በተደረገ ምርምር ተረጋግጧል።

ይህም ማለት የወተትን ይዘት በኮርማ ምርጫ መለወጥ የወተትን ብዛት ከመለወጥ ይቀላል። ወፍራም ወተት ካላቸው ላሞች ዘር የተወለደ ኮርማ ይህንኑ ባሕርይ ለሴት ልጆቹ በግልጽ ያስተላልፋል። በተቃራኒውም የኮርማ ምርጫ ስህተት በይዘት በኩል ቶሎ ይታያል፤ ለማረምም ቢያንስ አንድ ትውልድ ይጠይቃል። ዛሬ የተዳቀለች ላም የምትወልዳት ጥጃ አድጋ ለመታለብ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለሆነም አንድ ቱቦ አባላዘር ሲመረጥ የብዙ ዓመት ቅቤ እየተመረጠ ነው።

ከአያያዝ በኩል ቅባትን የሚቀንሱ ወይም የሚጨምሩ ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የአለባበብ ቅደም ተከተል። በመጀመሪያ የሚታለበው ወተት ቀጭን ነው። እየታለበ ሲሄድ ይወፍራል፤ የመጨረሻው ወተት ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ቅባት አለው። በአካባቢያችን ጥጃዋ አስቀድማ ጠብታ ላሚቱ ወተት እንድትለቅ ታደርጋለች፤ ከታለበም በኋላ የቀረውን እንድትጠባ ትለቀቃለች። በዚህ ጊዜ ወፍራሙ ወተት የሚሄደው ወደ ጥጃዋ ነው። ይህ ለጥጃዋ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለጥጃዋ ብዙ የሚተውላትን ላምና ተሟጣ የምትታለብን ላም ቅቤ ማወዳደር ትክክል አይሆንም።

ለ) መኖ። በላም ሆድ ውስጥ ቅባት ለመሥራት የሚያገለግለው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው ከሳር፣ ከድርቆና ከመሳሰለው ጭረታማ መኖ ነው። ወተት ይጨምር ተብሎ ጭረታማ መኖ ተቀንሶ እህልና ፉርሽካ ከመጠን በላይ ቢሰጥ ወተቱ ይበዛል፣ ቅባቱ ግን ይቀጥናል።

ሐ) የመታለቢያ ጊዜ። ላሚቱ ከወለደች በኋላ ወተቷ እጅግ በሚበዛበት በሁለተኛው ወር አካባቢ ቅባቱ ይቀንሳል። ወደ መንጠፊያዋ ስትቃረብ ወተቱ እያነሰ ቅባቱ ይጨምራል።

መ) የጡት በሽታ። የታመመ ጡት ወተት በብዛትም በጥራትም ይጎዳል።

እነዚህ ሳይጣሩ «ዘሩ መጥፎ ነው» ማለት አይገባም።

4. የዘር ባሕርይ እንዴት ይተላለፋል?

እያንዳንዱ ጥጃ ከአባቱና ከእናቱ የዘር ባሕርዩን እኩል በእኩል ይወርሳል። ባሕርይን የሚወስኑት ጥቃቅን የዘር ክፍሎች በራሂዎች ወይም ጂኖች ይባላሉ። የወተት ይዘት በአንድ በራሂ የሚወሰን አይደለም፤ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። ከሁሉ የጎላ ድርሻ ያለው ግን አንድ በራሂ በእ.ኤ.አ. 2002 ዓ.ም. በቤልጂክ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ተባባሪዎቻቸው ይፋ ተደርጓል። ስሙ ዲጋት 1 ሲሆን፣ የሚገኘው በከብት 14ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሥራውም በጡት ውስጥ ቅባት ሲሠራ የመጨረሻውን ደረጃ የሚያከናውነውን ኤንዛይም ማዘዝ ነው።

ይህ በራሂ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ቅባቱን ከፍ ያደርጋል፣ ወተቱን ግን ይቀንሳል። ሁለተኛው ወተቱን ያበዛል፣ ቅባቱን ግን ያቀጥናል። በዘቡ ከብቶች ዘንድ በእጅጉ የሚበዛው ቅባት ጨማሪው ዓይነት ሲሆን፣ በጀርሲም ተዘውትሮ ይገኛል። በፍሪዥያን ዘንድ ሁለቱም አሉ፤ ለብዙ ዘመን ወተት ለማብዛት በተመረጡት መንጋዎች ግን ወተት አብዢው ዓይነት ሰፊ ቦታ ይዟል። እናቶቻችን በእንስራ ያወቁትን ልዩነት ሳይንስ በላቦራቶሪ አገኘው ማለት ነው።

ስለ ፕሮቲንም ጥቂት እንጨምር። ካፓ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን «ሀ» እና «ለ» ብለን ልንጠራቸው የምንችላቸው ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። «ለ» የተባለው በእርጎ መርጊያ ኤንዛይም ለሚሠራው የውጭ አገር ፎርማጆ የተሻለ እርጋታ ይሰጣል። የእኛ አይብ ግን የሚሠራው የተናጠው አሬራ ተሙቆ በኮምጣጣነቱና በሙቀቱ ስለሆነ፣ ለእኛ ዋናው ነገር ጠቅላላው የፕሮቲን መጠን እንጂ የካፓ ኬዚኑ ዓይነት አይደለም። በዚህ በኩል መጨነቅ አያስፈልግም።

5. ሊትርና ቅባት በተቃራኒ መንገድ ሲሄዱ

ከላይ እንደተገለጸው የወተት ብዛትና የቅባት መቶኛ በዘር ተቃራኒ አቅጣጫ አላቸው። ኮርማ በሊትር ብቻ ሲመረጥ በየትውልዱ ወተቱ ይጨምራል፣ መቶኛው ይወርዳል። ይሁን እንጂ መቶኛ ብቻውን ቅቤ አይሆንም። ቅቤ የሚሆነው ሊትሩ በመቶኛው ተባዝቶ የሚገኘው የቅባት ክብደት ነው።

ይህን ለማስረዳት የሚከተለውን ስሌት እንውሰድ። የአገሯ ላም ቅባት 5.5 በመቶ፣ የፍሪዥያን 3.7 በመቶ፣ የጀርሲ 5 በመቶ ነው እንበል። ለስሌት እንዲቀል አንድ ሊትር ወተትን እንደ አንድ ኪሎ እንቁጠር። የዲቃላ ልጅ የቅባት መቶኛ በወላጆቿ ዘሮች መካከል አማካይ ላይ ይውላል። የሊትሩ መጠን ግን ለምሳሌ ያህል የተወሰደ እንጂ ለሁሉ በረት የሚሠራ አይደለም።

— የአገር ላም፦ 2 ሊትር፣ 5.5 በመቶ፤ ቅባት በቀን 110 ግራም
— ግማሽ ፍሪዥያን፦ 8 ሊትር፣ 4.6 በመቶ፤ ቅባት በቀን 368 ግራም
— ሦስት አራተኛ ፍሪዥያን፦ 9 ሊትር፣ 4.15 በመቶ፤ ቅባት በቀን 373 ግራም ገደማ
— ግማሽ ጀርሲ፦ 7 ሊትር፣ 5.25 በመቶ፤ ቅባት በቀን 368 ግራም ገደማ

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን።

አንደኛ፣ የዲቃላዋ ወተት ከአገሯ ላም ወተት ቀጠን ቢልም በቀን የምትሰጠው ቅባት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። «ቅቤ የላትም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አንድ እንስራ ከአንድ እንስራ ጋር ስለሚወዳደር ነው። መወዳደር ያለበት የሳምንት ቅቤ ከሳምንት ቅቤ ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ ከግማሽ ወደ ሦስት አራተኛ ፍሪዥያን ሲኬድ አንድ ሊትር ተጨምሮ ቅቤው ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። የተጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። የላሚቱ የመኖና የሕክምና ፍላጎት ግን አብሮ ጨምሯል።

ሦስተኛ፣ ግማሽ ጀርሲዋ ባነሰ ወተት ተመሳሳይ ቅቤ ሰጥታለች። ሰውነቷም አነስተኛ ስለሆነ ለራሷ መኖሪያ የምትፈልገው መኖ ያንሳል።

6. ለማን የትኛው ኮርማ?

የውጭ ዘር የወተት ላሞች በብዛት ወደ አገራችን የገቡት በእ.ኤ.አ. 1947 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት በተላኩት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ነበር። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በሆለታ፣ በባኮ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር የቦረና፣ የሆሮና የባርካ ላሞችን ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ጋር ማዳቀል ያዘ። በእ.ኤ.አ. 1986 ዓ.ም. ደግሞ ከዴንማርክ የመጡ ርጉዝ የጀርሲ ጊደሮች በአድአ በርጋ ተቋቁመው ንጹሕ የጀርሲ መንጋ መሠረቱ። ስለዚህ ጀርሲ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሆኖም እኛ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ «ላሚቱ ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ብለን ብቻ ስለጠየቅን ምክራችን ወደ ፍሪዥያን አዘንብሎ ቆይቷል። ጥያቄው «ወተቱ ምን ሆኖ ይሸጣል?» መሆን ነበረበት።

ሀ) ወተት በሊትር ለሚሸጡ። በጅማ ከተማና ወተት በየቀኑ ሳይበላሽ ለገዢ በሚደርስባቸው አካባቢዎች የፍሪዥያን ዲቃላ ተመራጭ ነው። የሚከፈለው በሊትር እስከሆነ ድረስ 8 ሊትር ከ7 ሊትር ይበልጣል።

ለ) ቅቤ ለሚሸጡ። ከሊሙ ገነት ራቅ ብለው ባሉና በክረምት መንገድ በሚበላሽባቸው ቀበሌዎች ወተት የሚጓዘው ቅቤ ሆኖ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የጀርሲ ዲቃላ በቁም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። መሬቱ በቡና ስለተያዘ ግጦሽ ጠባብ ነው፤ አነስተኛ ሰውነት ያላት ላም ለዚህ ትስማማለች። በተጨማሪም የጀርሲ ጥጃ ሲወለድ ትንሽ ስለሆነ፣ ሰውነቷ ደቃቅ የሆነ የአገር ጊደር በምጥ አትቸገርም። በፍሪዥያን የተዳቀለች ደቃቅ ጊደር በምጥ ልትጎዳ እንደምትችል የማዳቀል ባለሙያዎች ያውቁታል።

የጀርሲ ጉድለትም መነገር አለበት። ወንዱ ጥጃ ለእርሻ በሬነትም ሆነ ለሥጋ ከፍሪዥያን ዲቃላ ያነሰ ነው። የሚያርሰው በሬ ከዚያችው ላም ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የልማት ሠራተኛው ይህንን ሳይሸሽግ ነግሮ ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ይኖርበታል።

ሐ) በቆላ ላሉ። ወደ ጊቤና ወደ ዴዴሳ ሸለቆዎች ሲወረድ የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው የገንዲ በሽታ አለ። በዚያ ፍሪዥያንም ሆነ ጀርሲ በቀላሉ ይጎዳሉ። የዝንብ ቁጥጥርና አስተማማኝ ሕክምና በሌለበት ዲቃላ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከአገሩ ከብት ውስጥ የተሻሉትን መርጦ ማርባት ይሻላል።

መ) የደም መጠን። በቂ መኖና ሕክምና ለማያገኝ አርቢ የውጭው ደም ከግማሽ እስከ 62.5 በመቶ ድረስ ቢሆን እንመክራለን። ግማሽ ዲቃላ ላም በንጹሕ የውጭ ኮርማ ስትዳቀል ልጇ 75 በመቶ ትሆናለች። በ75 በመቶ ኮርማ ስትዳቀል ግን 62.5 በመቶ ላይ ይቆማል።

ከውጭ አገርም ትምህርት ሊወሰድ ይችላል። ኒውዚላንድ አብዛኛውን ወተቷን ቅቤ፣ ፎርማጆና ዱቄት አድርጋ ወደ ውጭ ስለምትሸጥ፣ ለአርቢው የሚከፈለው በቅባትና በፕሮቲን ኪሎ ሲሆን፣ ለሊትሩ ብዛት ግን ይቀነስበታል። በዚህም ምክንያት የጀርሲና የፍሪዥያን ድብልቅ ላም በዚያ አገር በስፋት ትረባለች። የክፍያው ዓይነት የላሙን ዘር ወሰነ ማለት ነው።

7. መለካትና መመዝገብ

ያልተለካ ላም አይመረጥም። በዴንማርክ በእ.ኤ.አ. 1895 ዓ.ም. ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው የላሞቻቸውን ወተትና ቅባት መመዝገብ የጀመሩት ቅቤ ሻጮች ስለነበሩ ነው። የእኛም ማኅበራት ይህንን በአነስተኛ ወጪ ሊጀምሩት ይችላሉ።

በላቦራቶሪ ቅባት የሚለካው በገርበር ዘዴ ነው። ይኸውም 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት ከ10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድና ከ1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል ጋር በልዩ ጠርሙስ ተቀላቅሎ በማሽን ሲሽከረከር፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት በመቶኛ ይነበባል። አሲዱ አደገኛ ስለሆነ የሚሠራው በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው።

ላቦራቶሪ በሌለበት የእንስራ ሙከራ ያገለግላል። አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ) ከወለዱ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያሉ፣ ተመሳሳይ መኖ የሚበሉ ላሞች ይመረጣሉ።
2ኛ) ጥጃዎቹ የሚጠቡት መጠን እንዲመሳሰል ይደረጋል።
3ኛ) ከእያንዳንዷ ላም የጠዋትና የማታ ወተት ሳይቀላቀል ለየብቻ፣ ለሁሉም እኩል ሊትር እስኪሞላ ይጠራቀማል።
4ኛ) በእኩል ቀን ረግቶ፣ በተመሳሳይ እንስራ ለየብቻ ይናጣል።
5ኛ) ቅቤው ታጥቦ፣ ውሃው ተጨምቆ ይመዘናል።
6ኛ) ሙከራው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል።

የቅቤው ክብደት ከላሚቱ የቀን ወተት ጋር ሲሰላ እያንዳንዷ ላም በሳምንት ስንት ቅቤ እንደምትሰጥ ይታወቃል። ውጤቱ በካርድ ላይ ይጻፋል። በካርዱም የላሚቱ መለያ፣ የአባቷ ስምና ቁጥር፣ የተዳቀለችበት ኮርማ ቁጥር፣ የወለደችበት ቀን፣ በወር አንድ ቀን የተለካ የጠዋትና የማታ ወተት ይሰፍራሉ። የኮርማው ቁጥር በአባላዘሩ ቱቦ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ባለሙያው ሳይጥለው መመዝገብ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሴት ልጅ በገዛ አባቷ አባላዘር ልትዳቀል ትችላለች፤ የሥጋ ዘመድ እርባታ ደግሞ ደካማ ጥጃ ያስከትላል።

በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንድ አባል ወተት ቅባቱ አነስተኛ ሆኖ ቢገኝ «ውሃ ጨምሯል» ብሎ ለመፍረድ አይበቃም። ከላይ እንዳየነው ዘሩ፣ የመታለቢያው ወር፣ ወይም ወፍራሙ ወተት ለጥጃ መተዉ ቅባቱን ሊቀንስ ይችላል። ውሃ ሲጨመር ላክቶሜትሩ ዝቅ ይላል፤ ቅባት ሲገፈፍ ደግሞ ከፍ ይላል። ሁለቱም በአንድነት ከተደረጉ ላክቶሜትሩ ትክክለኛ መስሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም ላክቶሜትርና የቅባት ምርመራ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። በጥርጣሬ ጊዜ ላሚቱ ባለቤቱና የማኅበሩ ተወካይ ባሉበት ተሟጣ ታልባ፣ ወተቱ በደንብ ተደባልቆ ናሙና ይወሰድ። ያላጠፋ አባል በሐሰት ተወንጅሎ ከማኅበር ቢወጣ ጉዳቱ ከአንድ ጄሪካን ወተት ይበልጣል።

8. ማጠቃለያ

የላም ወተት ቅጥነትና ውፍረት ግማሽ ያህሉ በዘር የተወሰነ ነው። ሊትር የሚያበዛው ዘር መቶኛውን ይቀንሳል። ሆኖም የቤተሰብን ገቢ የሚወስነው ሊትሩም መቶኛውም ለየብቻቸው ሳይሆኑ፣ የሚሸጠው ነገር ጠቅላላ መጠንና ለዚያ የወጣው መኖ ናቸው። ወተት የሚሸጥ ፍሪዥያን ዲቃላን፣ ቅቤ የሚሸጥ ጀርሲ ዲቃላን፣ በቆላ ያለ ደግሞ የተመረጠ የአገር ከብትን ያስቀድም።

የልማት ሠራተኛው የማዳቀል ጥሪ ሲደርሰው፣ ከባለሙያው ጋር ከመሄዱ በፊት የበረቱን ባለቤት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ወተቱን ነው ወይስ ቅቤውን የሚሸጡት?» መልሱን ሰምቶ፣ በካርዱ ጽፎ፣ አባላዘሩን በዚያው መሠረት ይዘዝ። በቅቤ ለምትተዳደረው እናት ዲቃላዋን ከመግዛቷ በፊት መነገር የነበረበት ይኸው ነው።